ነፋስ ሲቃወም አምስት ሰዓት ከሃያ

ሐሙስ ጠዋት ቫይሄሬ ለሥራ ስትወጣ አባቷ ጓሮ ተንበርክኮ ጉድጓድ ላይ አፈር ይመልስ ነበር። ኡርባኖ ሳይነጋ ነው የተነሳው። ድንጋዩን በእሳት አግሏል። ሥጋውንና ስኳር ድንቹን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ በድንጋዩ ላይ ደርድሯል። በደሴቲቱ ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚቆፍረው ለሠርግ፣ ለሐዘን ወይም ለከባድ እንግዳ ነው።

"ስምንት ሰዓት ላይ ይከፈታል" አላት ቀና ሳይል። "ሰውዬሽ ኖረም አልኖረም።"

"ይመጣል አባባ። አሁን ደውሎልኛል። ተሳፍሯል።"

"ተሳፍሯል ማለት?"

"ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቀበቶውን አስሯል።"

ኡርባኖ አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለና አያት። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው በመሆኑ ሰውንም ሲያይ ባሕር እንደሚያይ ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል።

"ሁለት ጊዜ አበባ አስይዘሽ በዘመድ ፊት ገትረሽኛል" አለ። "ይኼ ሦስተኛው ነው። ዛሬ ከኤርፖርቱ በር ካልወጣ ስሙን እዚህ ቤት አታንሺብኝ።"

"እሺ።"

"እሺ በይ አላልኩሽም። ሰምተሻል ወይ ነው የምልሽ።"

"ሰምቻለሁ።"

ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ ወጣች። መንገዱ ሰባት ደቂቃ ነው። ሰባቱንም ደቂቃ ያየችው ሰማዩን ነበር። በምሥራቅ በኩል ጥርት ያለ ነው። ከምዕራብ ግን፣ ከተራራው ጀርባ፣ አንድ ግራጫ ነገር ተኝቷል። ገና ሩቅ ነው፣ ምንም አይደለም አለች ለራሷ። አለችው እንጂ አላመነችውም።

*

በዚያች ደሴት ሰው ከማዶ ሲመጣ ወገኖቹ አበባ ጎንጉነው ኤርፖርት ይወጣሉ። ከበሩ ብቅ ሲል አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። አበባ ያልጠለቀለት አገር ጎብኚ ነው፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል። የሴት ልጅ አባት አበባ ያጠለቀለት ወንድ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቤት ሰው ነው።

የሚጠበቀው ፌርሚን የማዶ ሰው ነው። ሳንቲያጎ ኤርፖርት ውስጥ የበረራ ዕቅድ ያወጣል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ደሴቲቱ የሚመጣው አውሮፕላን ስንት ነዳጅ እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያሰላል። ርቀቱ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። በመሐል ውኃ እንጂ መሬት የለም። ርቀቱ አይለወጥም፤ ሰዓቱ ግን እንደ ነፋሱ ይለዋወጣል። ነፋሱን በደሴቲቱ በኩል የምትነግረው ደግሞ ቫይሄሬ ነች። ማኮብኮቢያው ዳር ካለች አንዲት ክፍል ሆና የአየሩን ሁኔታ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ትልካለች።

የተዋወቁት በዚህ ነው። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ይለዋወጡ ነበር። አንድ ቀን ፌርሚን ከቁጥሩ ሥር "ዛሬ በመስኮትሽ ምን ይታያል?" ብሎ ላከ። ከቅጹ ውጭ የሆነ ጥያቄ ነው። ቫይሄሬ ሩብ ሰዓት ያህል አስባ "ፈረስ ማኮብኮቢያው ውስጥ ገብቶ ሦስት ሰው ያባርረዋል" ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጀመሩ። እውነተኛ ደብዳቤ፣ በፖስታ ታሽጎ በዚያው አውሮፕላን የሚመጣ። ለሥልጠና ስድስት ሳምንት ሳንቲያጎ በተላከች ጊዜ በየማታው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው።

ችግሩ ወንበር ነበር። የአየር መንገድ ሠራተኛ በነፃ ይበርራል፤ ግን መንገደኛ የተረፈው ወንበር ካለ ብቻ ነው። ከሞላ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ጊዜ ፌርሚንን ከአውሮፕላኑ በር መለሱት። በሁለተኛው ጊዜ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ማዶ ሆስፒታል ተኝታ የነበረች የደሴቲቱ ሴት ከልጇ ጋር ደርሳ አስነሱት። እሱ ከወንበሩ ሲነሳ እዚህ አበባው እየተጎነጎነ ነበር። መልእክቱ ግን የደረሰው፣ ዘመድ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ የመጨረሻው ጎብኚ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን አክስቷ ኬና ጉንጉኑን ወስዳ የውሻዋ አንገት ላይ አጠለቀችው። ደሴቲቱ አንድ ሳምንት ሳቀች።

ኡርባኖ አልሳቀም። "ልጄን ሊያገባ በተረፈ ወንበር የሚመጣ ሰው" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

እሱ ምክንያት አለው። የቫይሄሬ እናት የማዶ ሰው ነበረች፣ አስተማሪ። ቫይሄሬ ስድስት ዓመቷ ሳለ "ለሁለት ሳምንት" ብላ ተሳፈረች። ሁለት ሳምንቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ።

ቫይሄሬ የአባቷን ቃል ሳትቀንስ ለፌርሚን ጻፈችለት። ተቆጥታ ነበር። በማን ላይ እንደተቆጣች ግን አታውቅም። መልሱ ባለፈው ሳምንት ደረሳት፤

"ቫይሄሬዬ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። ለሰው ጉዞ ሳሰላ ለነዳጅ አልሳሳም፤ ለራሴ ጉዞ ግን ሳስቼ ኖሬያለሁ። ሐሙስ እንደ ሠራተኛ አልመጣም። ሙሉ ቲኬት ቆርጫለሁ። ወንበር አሥራ አራት፣ ከመስኮቱ በኩል። ማንም አያስነሳኝም። የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ከሰማይ ብቻ ነው።"

የመጨረሻዋን መስመር ስታነብ ደስ አላት። ሐሙስ ጠዋት ግን እያንዳንዷ ቃል ትከብዳት ጀመር።

*

አውሮፕላኑ ከሳንቲያጎ የተነሳው በደሴቲቱ ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ተኩል ላይ ነው። የዕለቱን ነፋስ አይታ ራሷ አስልታዋለች፤ ከፊት የሚነፍስ ስለሆነ አምስት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል። ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ ያርፋል።

በመንገዱ ላይ ግን አንድ ነጥብ አለ። ከተነሳ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሲሆነው ይደርስበታል። እዚያ ላይ ካፒቴኑ ይጠይቃል፤ ደሴቲቱ ክፍት ናት ወይስ ዝግ? ከነጥቡ በፊት ከሆነ ዞሮ መመለስ ይችላል። ካለፈ በኋላ ግን ማረፊያው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ኤርፖርት፣ ሌላ መሬት፣ የሚደርስበት ነዳጅ የለም። ለካፒቴኑ የሚሰጠው መልስ ከቫይሄሬ ቅጽ ላይ የሚነበብ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ደመናው ከተራራው ጀርባ ወጣ። ሦስት ተኩል ላይ ካፊያ ጀመረ። አራት ሰዓት ላይ ደመናው የተራራውን ጫፍ ውጦ ወደ ትከሻው ወረደ።

ትከሻው ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የስልክ ምሰሶ ተተክሏል። እግሩ ከማኮብኮቢያው መቶ ሃምሳ ሜትር ከፍ ይላል። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ከመሣሪያዎቿ ሁሉ ይልቅ የምታምነው ይህን ምሰሶ ነው። እግሩ ከታየ አውሮፕላን ማረፍ ይችላል። እግሩ ከተሸፈነ አይችልም።

ከአራት ሰዓት ጀምሮ ምሰሶው አልታየም። አንዴ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ቀይ ነገር ውልብ ያለ መሰላት። ብድግ ብላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ምንም የለም።

ታች በመኪና ማቆሚያው ዘመዶቿ ከካፊያው ተጠልለው ቆመዋል። አባቷ ግን ኮፍያ ሳያደርግ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። ያጎቶቿና የልጆቻቸው ጫጫታ እስከ እሷ ይሰማል። በመሐላቸው ኬና ጉንጉኑን በላስቲክ ሸፍና ይዛለች።

ስልኩ ጮኸ። ከቁጥጥር ማማው አንሴልሞ ነው። እሱም የማዶ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ከዚህ አግብቶ፣ አሁን የማዶውን ቅዝቃዜ ያማል።

"ቫይሄሬ፣ የአራት ተኩሉን ቅጽ ስጪኝ።"

"አምስት ደቂቃ ይቀረኛል።"

"ካፒቴኑ ሁለቴ ጠየቀኝ። ነጥቡ ላይ ሊደርስ ነው።"

"እያየሁ ነው።"

"ምሰሶው እንዴት ነው?"

"የለም።"

"እስቲ ደግመሽ እዪው። ከእኔ ዘንድ እግሩ ያለ ይመስለኛል።"

"አንሴልሞ፣ ከአንተ ዘንድ እግሩን ጥርት ባለ ቀን እንኳ ማየት አይቻልም። የነዳጅ ጋኑ ይከልለዋል።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ እሱ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ። አባትሽንም ከዚህ እያየኋቸው ነው። ያየሽውን ቁጥር ቀይሪ አልልሽም፤ እግዜር ያሳይሽ። ግን ከቁጥሩ ሥር ያለችው ቦታ ያንቺ ናት። 'እየተሻሻለ ነው' በያት። ካፒቴኑ ያቺን ካየ ይመጣል። ከነጥቡ እስከዚህ ሁለት ሰዓት ከአሥር አለው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ይኼ ይገፈፋል።"

"ካልተገፈፈስ?"

"ይገፈፋል።"

"ካልተገፈፈስ ነው የምልህ።"



ስልኩን ትከሻዋ ላይ ይዛ ቅጹን አየች። ቁጥሩ ቀላል ነው፤ የታየውን መጻፍ ነው። የምታስጨንቀው ከሥር ያለችው ቦታ ነች። እዚያ ላይ ሦስት መልስ ብቻ ተፈቅዷል፤ እየተሻሻለ ነው፣ ለውጥ የለም፣ እየባሰ ነው። "አላውቅም" የሚል የለም። እሷ ደግሞ አታውቅም። እንዲህ ያለ ደመና በግማሽ ሰዓት ተነስቶ ሲሄድ አይታለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ እንዲሁ ወርዶ እስኪመሽ ድረስ ተጋድሞ ውሏል።

አውሮፕላኑ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባት መንገደኞች አሉ። ዝርዝሩ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። አንዱን ስም ጠዋት በጣቷ ነክታዋለች።

"አራት ተኩል ሆነ" አለ አንሴልሞ።

ቫይሄሬ ጻፈች። እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችለት፤ "የደመና ከፍታ ዘጠና ሜትር። እይታ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር። ለውጥ የለም።"

"ለውጥ የለም?"

"ለውጥ የለም።"

ትንፋሹ ተሰማት። መልእክቱን በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ሰማችው። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። "ካፒቴኑ ይደገም ይላል።"

"ዘጠና። ሺህ ሁለት መቶ። ለውጥ የለም።"

አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አንሴልሞ እንደገና መጣ። "ዞሯል" አለ። "እየተመለሰ ነው። አይዞሽ።"

ስልኩን አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፣ አላለቀሰችም። የተሰማት አንድ ነገር እፎይታ ይመስል ነበር። ያ ነው ያስደነገጣት። በዚህች ሰዓት እፎይ ማለት ያለባት ሴት እሷ አይደለችም።

*

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ጠራ።

ቀስ ብሎ አልነበረም። ነፋሱ አቅጣጫውን ወደ ደቡብ ቀየረና በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ጠርጎ ወሰደው። ምሰሶው ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ቀይ ነጭ፣ ቀይ ነጭ፣ ብቅ አለ። ማኮብኮቢያው በፀሐይ ይተን ጀመር። አውሮፕላኑ ቢመጣ ኖሮ ገና አንድ ሰዓት ከሃያ ይቀረው ነበር።

ቫይሄሬ የአምስት ተኩሉን ቅጽ ሞላች። ደመና የለም። እይታ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ። ፊደሏ እንደ ሁልጊዜው ነው።

ወደ ሳንቲያጎ ሊሳፈሩ የመጡት ጎብኚዎች አዳራሹ ውስጥ ያጉረመርማሉ። አንዱ ወደ ሰማይ እየጠቆመ የኤርፖርቱን ሠራተኛ ይጠይቃል። የሷ ዘመዶች ግን ሠራተኛ አልጠየቁም። ማን እንደሚጽፍ ያውቃሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ኬና ነች። መስኮቱን በጣቷ አንኳኳች፤ ቫይሄሬ ከፈተችላት። ጉንጉኑ ክንዷ ላይ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ማነው የመለሰው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"እኔ ነኝ ትላለች።" ኬና ወደ ኋላዋ፣ ወደ ዘመዶቿ ዞረች። "ሰማችሁ? ሙሽራ ሲቀር አይቻለሁ። ሙሽሪት ከመንገድ ስትመልሰው ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።" ሰው ሳቀ። "እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ዛሬስ ይመጣል ብዬ ውሻዬን ቤት አስሬው መጥቻለሁ።"

ቫይሄሬ አብራ ልትስቅ ሞከረች። ኬና ፊቷን አየችና ሳቁን አቆመች። ከዚያ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጉንጯን ነካ አደረገቻት። "በልተሻል?" አለቻት በሌላ ድምፅ። ቫይሄሬ ራሷን ነቀነቀች። ኬና ዘመዶቿን እየነዳች ወደ መኪናው ሄደች።

ኡርባኖ አብሯቸው አልሄደም።

ዘጠኝ ዓመት እዚያ ክፍል ስትሠራ አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። ዛሬ ግን ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩን ገፍቶ ገባ። ሸሚዙ ገና አልደረቀም። የሚቀመጥበት ወንበር ብትሰጠውም አልተቀመጠም። በመስኮቷ፣ እሷ በምታይበት በኩል፣ ብዙ ቆሞ አየ።

"አራት ተኩል ላይ እኔም ታች ቆሜ አይቼዋለሁ" አለ። "ምሰሶው አልነበረም።"

"አዎ አባባ።"

"በዚያ ሰማይ ጀልባ እንኳ አላወጣም ነበር።"

ሊያጽናናት እየሞከረ መሆኑ ገባት። እሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ከቁጥሩ ሥር ስላለችው ቦታ አያውቅም።  

"ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው" አለች። "ሥጋው።"

"ኬና ትከፍተዋለች።"

እንዲህ ብሎ ቆመ።  ስልኩ ጮኸ። ቫይሄሬ ማን እንደሆነ ገብቷት ለማንሳት ፈራች። አባቷ ስልኩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። አነሳችው።

*

"ቫይሄሬ?"

"አለሁ።"

"ጠዋት የተነሳሁበት በር ላይ ቆሜያለሁ" አለ ፌርሚን። "ከዚህ እዚህ ለመድረስ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ፈጀብኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ዕቅድ አውጥቼ አላውቅም።"

አልሳቀችም። "ሰማዩ ጠርቷል ፌርሚን።"

"አውቃለሁ። ገና እንደወረድኩ ቢሮ ሮጬ የአምስት ተኩሉን ቅጽሽን አየሁት።"

"አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ብትመጡ ታርፉ ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ለውጥ የለም ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ካፒቴኑ ሲነግረን ያንቺ ቃል መሆኑን አውቄያለሁ። ሌላ ማን አለ?"

ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ፈለገች። ብታገኝ ይቀላት ነበር። አላገኘችም። አባቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ ጆሮው ግን እዚህ ነው። ይስማ አለች በልቧ። ሁለቱም ይስሙ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለች። "ከሰማኸኝ በኋላ የፈለግኸውን በል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። 'ለውጥ የለም' ያልኩትን ግን አላውቅም። ያየሁትን ይሁን የፈራሁትን አላውቅም። ዞሯል ሲሉኝ ትንሽ ቀለለኝ። አስብ እስቲ፤ ሁለት ዓመት ና እያልኩ ጽፌ፣ ተመለሰ ሲሉኝ ቀለለኝ። አንተ ከዚያ በር ስትወጣ አይቼህ አላውቅም። በሐሳቤ እንኳ ስትወጣ አላይህም። የማይህ ሻንጣህን ይዘህ ስትገባ ነው። መጥተህ የምትሄድበት ቀን ነው የሚታየኝ። ምናልባት ልቤ እንድትመለስ ፈልጎ፣ እጄ ጽፎለት ይሆናል። መቶ ሰማንያ ሰባት ሰው በልቤ ፍርሃት መልሼ ከሆነስ?"

 ድምፅ ማዶ ደርሶ እስኪመለስ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል።  ቫይሄሬ ዓይኗን ጨፈነች።

"ነፋሱ አራት ተኩል ላይ ከየት ነበር?" አለ ፌርሚን።

"ምን?"

"ነፋሱ። ከየት ነበር፣ ስንትስ ነበር?"

"ከሰሜን ምዕራብ። በጣም ደካማ። በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር።"

"በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ደመና ይገፋል?"

"አይገፋም።"

"ወደ ደቡብ እንደሚዞር የሚያሳይ ነገር ነበረሽ?"

አሰበች። በእውነት አሰበች። "አልነበረኝም።"

"እንግዲያው እኔም ብሆን 'ለውጥ የለም' ነበር የምለው።"

"ልታጽናናኝ ነው።"

"አይደለም። ላጽናናሽ ብፈልግ አልፈራሽም እልሽ ነበር። ፈርተሻል። ግን እጅሽ የጻፈው ነፋሱን ነው። ሁለቱ ባንድ ሰዓት መጡና ተደባለቁብሽ እንጂ አንድ አይደሉም።" ከዚያ ቀጠለ። "አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ስንዞር አለቀሱ። ልጃቸውን ሊያዩ ነበር። ማነው የመለሰን እያሉ ይራገማሉ። እኔ ደግሞ፣ የመለሰችን ላገባት የምሄድላት ሴት ነች ልላቸው ፈልጌ አፈርኩ። ቫይሄሬ፣ እኔ በየቀኑ የሰው ነፍስ ባንቺ ቃል አምኜ እልካለሁ። ዛሬ የራሴንም ላክሁ። ብትዋሺልኝ ኖሮ እደርስ ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ የምትጽፊውን ሁሉ እንዴት አምናለሁ? ፍርሃትሽን ለኔ ብለሽ አትደብቂው። ስመጣ ይዘሽው ቁሚ።"

 የቫይሄሬ እንባ አሁን መጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ዘግይቶ።

አንድ እጅ ፊቷ ተዘረጋ። ሻካራ፣ አፈር ከጥፍሩ ሥር ያልወጣ እጅ።

"ስጪኝ" አለ ኡርባኖ።

ሰጠችው። ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አርቆ ያዘው፤ ሲያወራ ሁልጊዜ እንዲያ ነው።

"ኡርባኖ ነኝ።"

"ጋሽ ኡርባኖ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ዋልን። ወደዚህ ሲመጣ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?"

"አምስት ሰዓት ከሃያ ነው ጋሼ። ነፋሱ ከፊት ነው።"

"ሲመለስስ?"

"አራት ሰዓት ከአርባ። ከኋላ ይገፋል።"

"መሄዱ በአርባ ደቂቃ ይቀላል ማለት ነው።"

"አዎ ጋሼ።"

 ቫይሄሬ አባቷ ያን አርባ ደቂቃ የት ላይ እያኖረው እንደሆነ አወቀች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን አልነገረውም ነበር።

"እኔ የማሰላው መምጫውን ነው" አለ ፌርሚን። "የከበደውን።"

"ሰማሁ።" ኡርባኖ ጉሮሮውን ጠረገ። "የዛሬውን አልቆጥርብህም። አንተ አልቀረህም። መንገድ ወጥተህ ልጄ ናት የመለሰችህ። መቼ ነው የሚነሳው?"

"ነገ ጠዋት ብለውናል፣ በዚያው ሰዓት።"

"ወንበርህ አለ?"

"ያው አሥራ አራት ነው ጋሼ።"

"ፈቃድህስ?"

"እሁድ ያልቃል።"

"ሁለት ቀን።"

"ሁለት ቀን ነው።"

"ሥጋው አይጠብቅህም። ዛሬ ይበላል።"

"ይብሉት ጋሼ።"

"ነገ ዓሣ ነው። ዓሣ ትበላለህ?"

"እበላለሁ።"

"አጥንት ያለው ነው።"

"ይሁን።"

ኡርባኖ ስልኩን ዘጋው። ልጁ ገና እንዳልጨረሰች ልብ አላለም፤ ወይም ብሏል። ሸሚዙን ከትከሻው ነጨት ነጨት አድርጎ ወደ በሩ ሄደ።

"እሺ ብያለሁ ማለት አይደለም" አለ።

"ገብቶኛል አባባ።"

"አየዋለሁ ነው ያልኩት።" በሩን ይዞ ቆመ። "ነገ እዚህ ተረኛዋ ማን ነች?"

"እኔ ነኝ።"

"ለሌላ ሰው ስጪው።"

"ለምን?"

"እንግዳ የሚጠብቅ ሰው በር ላይ ነው የሚቆመው። ሰማዩን ሌላ ይየው።"

ወጣ። በመስኮቱ አየችው፤ ከመኪና ማቆሚያው ወርዶ፣ ወደ ቤት በሚወስደው ሳይሆን ወደ ጀልባዎቹ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

ቫይሄሬ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ለባልደረባዋ መደወል አለባት። ገና ስልኩን አላነሳችም። ነገ ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ ቁጥር የሌለው፣ ቅጽ የሌለው ቦታ ትቆማለች። ደመናው ቢወርድ አታውቅም፤ አውሮፕላኑ ቢዞር የምትሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሲፈጃት የኖረው ፍርሃት ላይመጣ ይችላል የሚል ነበር፤ ያን ለምዳው ነበር። አሁን የያዛት ሌላ ነው። ሊመጣ ነው። እውነት ሊመጣ ነው፤ እሷም በሩ ላይ ትሆናለች። ልቧ በደረቷ ውስጥ እንደ እንግዳ ሰው ተነስቶ ይንጎራደድ ጀመር። ተቀመጥ አላለችውም።